ቁልቁለት ላይ የሚሞተው መብራት

ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ሰቆጣ ላይ ፊዚክስ አስተምር ነበር። እሱ የዋግ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር በኽምጣንጋ ይጣላል፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፤ በሁለቱም ቋንቋ ቶሎ ይሸነፋል። እኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጣሁ። አንድ ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። አገባሁትና ቀረሁ።

ሥራው ክትባት ነው። በረዶ የተሞላ ሳጥን ሞተር ሳይክሉ ላይ ያስርና አንድ ቀን ወደ ፃግብጂ፣ ሌላ ቀን ወደ ጋዝጊብላ ይወጣል። ሰሃላ ሲሄድ መንገዱ እስከሚያደርሰው ይነዳል፤ የቀረውን በእግሩ ነው። ሞተሩ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ ከሰጣቸው አንዱ ነበር። ጉልበታም ነው፣ ዳገት አይፈራም። የሚያማርረው መብራቱን ነበር።

መጀመሪያ የነገረኝ እራት ላይ ነው፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

«ዳገት ስወጣ እንደ ፀሐይ ያበራል። ቁልቁለት ስጀምር ይሞታል» አለኝ።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናላ።»

«ባትሪ የለውም።»

እጄን ከትሪው መለስሁ። ባትሪ የሌለው ከሆነ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መብራቱ በቀጥታ የሚጠጣው ሞተሩ ውስጥ ካለው ዲናሞ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብዙ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሲዘገይ የለም። ዳገት ላይ ነዳጅ ትሰጠዋለህ፣ ያበራል። ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ትለቅና ፍሬን ትይዛለህ፤ ያኔ አምፖሉ ቀልቶ እንደ ፍም ይሆናል። ገደሉ ከጎንህ ባለበት፣ ድንጋዩ ከጎማህ ስር በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ መብራት የለህም ማለት ነው። ይህን ሞተር የሠሩት ሰዎች ሜዳ አገር ይኖሩ ይሆናል። ዋግ ውስጥ ግን ሜዳ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

እሱ በጨለማ አይነዳም ነበር። አስጊው ክረምት ነው። ጋዝጊብላ ደጋው ላይ በእኩለ ቀን ጉም ይወርዳል፤ የራስህን እጅ እንኳ በግምት ነው የምታየው። በዚያ ላይ መንገዱ የእርዳታ እህል የጫኑ ትልልቅ መኪኖች ይመላለሱበታል። በጉም ውስጥ መብራት የምታበራው ለማየት አይደለም፤ ሌላው እንዲያይህ ነው።

«ለኃላፊህ ንገረው» አልሁት።

ነገረው። ኃላፊው ቀጭን፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልጠላሁት። ወደ ግቢው ወጣ፤ የንብረት ክፍሉን ሰው ጠርቶ ሞተሩን አስነሳው፤ ሰውየው ነዳጁን ጠምዝዞ ሰጠው፤ መብራቱ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። «ይኸው ይሠራል» ብሎ ገባ። ባለቤቴ ሌላ ጊዜም ነገረው። ሌላ ጊዜም ወጡ፣ ነዳጅ ሰጡት፣ ቦግ አለ፣ ገቡ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው በሬን አንኳኳ። ሸሚዙ ላይ ደም አለ። የእህል መኪና ሾፌር ነኝ አለኝ።

«እህቴ፣ አትደንግጪ፤ በሕይወት አለ» አለኝ። «ሆስፒታል አድርሼው ነው የመጣሁት።»

በመንገድ ላይ እየሄድን ነገረኝ። እሱ ወደ ጋዝጊብላ እየወጣ ነው፤ ባለቤቴ እየወረደ። መታጠፊያው ላይ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። «መብራት ቢኖረው ከሩቅ ጥግ እይዝለት ነበር። አፍንጫዬ ስር ሲደርስ አንድ ቀይ ነገር አየሁ፤ ሰው ሲጋራ የለኮሰ ነው የመሰለኝ» አለ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ባለቤቴ ወደ ጠርዙ ሸሸ፤ ጠርዙ ግን ዝናብ የበላው አፈር ነበር፤ ከእግሩ ስር ተናደ። ከሞተሩ ጋር ተንከባልሎ አንድ የወይራ ጉቶ ያዘው። ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። ሾፌሩና ረዳቱ ወርደው በገመድ ጎትተው አወጡት።

አጥንቱ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል ስደርስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክትባቱ ሳጥን ነው። «በረዶው ሳይቀልጥ ለመሥሪያ ቤት አድርሺልኝ» አለኝ። ሳጥኑን አንስቼ በመስኮቱ ልወረውረው ፈልጌ ነበር። አደረስሁት፤ መንገዱን ሁሉ ግን እየተራገምሁ ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሞተሩን ከገደሉ አውጥተው፣ መሪው እንደተጣመመ፣ ግቢው ውስጥ አቆሙት። እኔ ማንም ሳይጠራኝ ሄድሁ። ኃላፊው አለ፣ የንብረት ክፍሉ ሰው አለ፣ ሌላ አንድ ሠራተኛ አለ። የንብረት ክፍሉ ሰው ረገጠው፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ነዳጅ ሰጠው። መብራቱ፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ እንኳ፣ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ።

«መብራቱ ይሠራል» አለ ኃላፊው።

«ነዳጁን ይልቀቁትና ይዩት» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«እጃቸውን ከነዳጁ ላይ ያንሡ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ አይሰጥም። እሱ ሲወድቅ እየወረደ ነበር።»

የንብረት ክፍሉ ሰው እጁን ሊያላላ ሲል ኃላፊው በዓይኑ ያዘው። ሰውየው ሞተሩን አጠፋው።

«መምህርት» አለኝ ኃላፊው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፤ «ምርመራው የኮሚቴው ነው። የተፈተነው መብራት በርቷል። አንቺ ባልሽን አስታምሚ።»

«ሾፌሩን ጠይቁት። በዓይኑ ያየ እሱ ነው።»

«የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ አይደለም» አለና ወደ ቢሮው ገባ።

አስታምሚ! ያን ቃል ለብዙ ጊዜ ከጥርሴ ውስጥ ማውጣት አቃተኝ። ለባለቤቴ የደረሰው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አደጋው የደረሰው «በነጂው የጥንቃቄ ጉድለት» ነው ይላል። መልእክተኛው እቤት ድረስ ይዞት መጣ፤ እኔ ገበያ ነበርሁ። ስመለስ ባለቤቴ፣ እግሩ በጄሶ ታስሮ ትራስ ላይ እንዳለ፣ መቀበሉን ፈርሞ አሰናብቶታል።

«ለምን ፈረምህ?»

«መቀበሌን ነው የፈረምሁት። ጥፋቴ ነው አላልሁም።»

«ልዩነቱን ሂድና ለእነሱ ንገራቸው!»

«ተይ እንጂ» አለኝ። «ነፍሴ ተርፋለች። እግሬ ይድናል። ሥራዬም አለ፣ አንቺም አለሽ። ምን ጎደለኝ?»

«መብራት!» ብዬ ጮኽሁበት። ጎረቤት ሁሉ ሰማኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ክረምት ከኃላፊው ይልቅ የተናደድሁት በባለቤቴ ነው። ኃላፊው ሩቅ ነው፤ ባለቤቴ ግን አልጋዬ ላይ ተኝቶ፣ ሊገድሉት የነበሩትን ሰዎች ስም በክፉ ላለማንሣት ይጠነቀቃል። «እሱም የበላይ አለበት» ይለኛል። «መለዋወጫ የለም፣ ምን ያድርግ?» ይለኛል። ዘጠኝ ጊዜ በደግነት ሲያስረዳኝ፣ አሥረኛው ላይ ቤቱን ትቼ ወጣሁ፤ መሄጃ ስላልነበረኝ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ገብቼ ጠርሙስ አጠብሁ።

ጄሶው በነሐሴ መጨረሻ ተፈታ። እግሩ ትንሽ አጥሯል፤ ያነክሳል፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል። ሞተሩ መሪው ተቃንቶለት ወደ እኛ ግቢ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው፣ ከነመብራቱ። እኔ «በዚህ መብራት ጋዝጊብላ አትወጣም» አልሁት። እሺ አለኝ። እሺ ሲል መጠርጠር ነበረብኝ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት ሰዎች ሞተሩን ከበው አገኘኋቸው፤ ባለቤቴና የእህል መኪኖችን የሚጠግነው መካኒክ። የሞተሩ ግንባር ላይ የካሚዮን አምፖል ተተክሏል፤ የሎሚ ያህል ወፍሮ።

«ነይ እዪ!» አለኝ ባለቤቴ ደስ ብሎት። «አሳረፍሁሽ።» መካኒኩ ነዳጅ ሰጠው። በቀን ብርሃን እንኳ ዓይን ይወጋል።

«ልቀቀው» አልሁ።

መካኒኩ ለቀቀው። አምፖሉ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ጨርሶ ጠፋ። ከድሮው ባሰ።

«ሞተሩ እስኪሞቅ ነው» አለ መካኒኩ።

«እስኪሞቅ አይደለም! አንድ እንስራ ውኃ ለሚያመጣ ሰው የበርሜል ጥም ጫናችሁበት! ዲናሞው ትንሹን አምፖል ማጠጣት ያቃተው ትልቁን ከየት ያመጣል?»

«እኔ ስንት መኪና ያስነሣሁ ሰው ነኝ» አለ መካኒኩ ተቆጥቶ።

«መኪናው ባትሪ አለው!»

መካኒኩ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ባለቤቴ ግንባሩን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ሰው አስቀየምሽ» አለኝ። እሱ ለእኔ ብሎ ያደረገው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እኔን ዝም ለማሰኘት ነበር እንጂ መብራቱን ለማስተካከል አልነበረም፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። እዚያው ቆሜ ነገርሁት፦ «ነገ ሞተሩን እፈታዋለሁ።»

«የመንግሥት ንብረት ነው! ታሳስሪኛለሽ!»

«እግርህስ የማን ንብረት ነው?»

ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ።

ምን መሥራት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሥለው የኖርሁት ነገር ነው። ዲናሞው ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። አንዱ ጫፍ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ሌላው ጫፍ ከራሱ ከሞተሩ ብረት ጋር ተበይዷል። ያንን ጫፍ ከብረቱ አላቅቄ ሁለቱንም ወደ ውጭ ማውጣት አለብኝ። ከዚያ ዳዮድ ያስፈልጋል፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ባትሪ የሚሞላው በእሱ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው። መብራቱን ከዲናሞው ነቅዬ ከባትሪው ጋር ካገናኘሁት፣ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢያዘግምም ግድ የለውም፤ ባትሪው እንደ ጋን ነው፤ ዳገት ላይ ይጠራቀማል፣ ቁልቁለት ላይ ይቀዳል።

ዳዮድ ሰቆጣ ውስጥ አይሸጥም። ያለው የተቃጠለ የካሚዮን ዲናሞ ውስጥ ነው፤ የተቃጠለ ዲናሞ ያለው ደግሞ ያ ያስቀየምሁት መካኒክ ዘንድ። ሄድሁ። ሲያየኝ ጀርባውን ሰጠኝ።

«የሞተ ዲናሞ ፈልጌ ነው» አልሁት።

«አንቺ ሁሉን የምታውቂ፣ ዲናሞ አጣሽ?»

«ሽቦው ቢቃጠልም ዳዮዱ አይሞትም። ይስጡኝና ልሂድልዎ።»

ከብረት ክምሩ አንዱን መዝዞ እግሬ ስር ወረወረው። «ውሰጂው። ለእኔ ብረት ነው» አለ። አላመሰገንሁትም፣ እሱም ምስጋና አልጠበቀም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈትቼ እያንዳንዱን ዳዮድ በእጅ ባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል ፈተንሁት፤ በአንድ በኩል የሚያሳልፉትን፣ በሌላው የሚከለክሉትን ለይቼ አራቱን ወሰድሁ። ባትሪውን ከወልድያ ያመጣልኝ ያ የእህል መኪና ሾፌር ነው። አሲዱ እንዳይፈስ እግሩ መሃል ይዞት እንደመጣ ነገረኝ። «ለዚያች ቀይ ነገር ከሆነ፣ ከአዲስ አበባም አመጣለሁ» አለ።

የባለቤቴ እናት ልጇን ልትጠይቅ ከጋዝጊብላ በእግሯ መጥታ ነበር። ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፌ፣ የሞተሩን ክዳን ፈትቼ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኖ ስታገኘኝ ቆማ አየችኝ። ልጇን በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው።

«ምን አሉህ?» አልሁት።

«እስክትጨርስ እንዳትናገራት ነው ያለችኝ» አለ በቅሬታ።

ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ያያሉ። አንዷ፣ «ደግ ነው እንዴ እማማ፣ ሴት ሞተር ስትፈታ?» ብላ ጠየቀቻት። እማማ ፈጠን ብላ፣ አማርኛዋ እየተሰባበረ፣ «ወጌሻ አጥንት ይፈታ የለ? እሷም እንደዚያ ናት» አለቻት። ሌላ የጠየቀ የለም።

ከተማው የሚበራው በናፍጣ ጄኔሬተር ነው፣ እሱም ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት ብቻ። ስለዚህ መበየጃ ብለን አንድ የመዳብ ዘንግ ከሰል ውስጥ አግለን ሠራን። እማማ ከሰሉን ታራግባለች፣ እኔ እበይዳለሁ። ያ ከብረቱ ጋር የተያያዘው ጫፍ እንደ ቂም ነበር፤ አልላቀቅ ብሎ ጣቴን አቃጠለኝ፣ ስንት ጊዜ ዘንጉ ቀዘቀዘብኝ። ሲላቀቅ አዲስ ሽቦ ቀጥዬ አወጣሁት፤ ዳዮዶቹን በአንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ አስሬ ከወንበሩ ስር አስገባሁ፤ ባትሪውን ከጎማ በተቆረጠ ጠፍር አሰርሁት። ሞተሩ እስከሠራ መብራቱም እንዲበራ አደረግሁ፤ ያለዚያ ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላና ይፈላል።

ክዳኑን ገጠምሁ። ባለቤቴ ረገጠው። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቱ ትንሽ ቆይቶ ደከመ፣ ጠፋ።

ጎማውን በእርግጫ መታሁት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ የራሴን እግር ይዤ መሬት ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «አሁን ሁለታችንም አነከስን» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ ክዳኑን እንደገና ፈታሁት። አዲሱ ሽቦ በክዳኑ ጠርዝ ተቆንጥጦ፣ ልባሱ ተልጦ፣ እንደገና ብረቱን ነክቷል። በፕላስተር ጠቅልዬ በሌላ መንገድ አሳለፍሁት። ረገጠው። ነዳጅ ሰጠው፤ በራ። ለቀቀው። በራ። ሞተሩ ሊጠፋ እስኪንተፋተፍ ድረስ ለቀቀው፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

ግቢ ውስጥ የሚሠራ መብራት ግን አይቼ ስለማውቅ አላመንሁትም። መስከረም ገብቶ ጉሙ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ቅዳሜ ከጀርባው ተቀምጬ ወደ ጋዝጊብላ ወጣን። ያ የወደቀበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እኔ ወረድሁ። «አንተ ትንሽ ወደ ላይ ወጥተህ ዙርና ቀስ ብለህ ውረድ፤ ነዳጅ አትስጥ» አልሁትና ቁልቁል በእግሬ ሄድሁ፤ ጉሙ ከኋላዬ ተዘጋ። ቆሜ ዞርሁ። ሞተሩ ሲያንተፈትፍ ይሰማኛል፤ ምንም አይታየኝም። ከዚያ አንድ ነጭ ነገር ጉሙን እየቀደደ መጣ። ገና ሩቅ ነው። አልቀላም፣ አልደከመም፣ እንደዚያው ነጭ እንደሆነ እስከ አጠገቤ ደረሰ።

ባለቤቴ ወርዶ ሲያየኝ እያለቀስሁ ነበር። ደስ ብሏት ነው ብሎ አቀፈኝ። ደስታ አልነበረም። ንዴት ነው። አንድ ባትሪ፣ ከተጣለ ብረት የወጡ አራት ዳዮዶች፣ ጥቂት ክንድ ሽቦ! ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር በእሱና በገደሉ መካከል የጎደለው። ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር። ትንሽነቱ ነው የገደለኝ።

ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ መጣ። የንብረት ክፍሉ ሰው ወንበሩን አንሥቶ ባትሪውን አየ። ባለቤቴ በማግሥቱ ተጠራ፤ እኔም የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ጠመኔውን ከእጄ ሳላራግፍ ተከተልሁት። ሠራተኛው ሁሉ ግቢ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ሞተሮችም ተደርድረዋል።

«ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ቀይራችኋል» አለ ኃላፊው። «እንደነበረ ይመለስ።»

«እንደነበረ ማለት እንዴት ነበረ?» አልሁት። መልስ አልጠበቅሁም። ከሌሎቹ ነጂዎች አንዱን፣ «ወንድሜ፣ ያንተን አስነሣልኝ» አልሁት። አስነሣው። ባለቤቴም አስነሣ። «ነዳጅ ስጡ» አልሁ፤ ሁለቱም በሩ። «ልቀቁ» አልሁ። የአንደኛው ቀልቶ ሞተ። የእኛው በራ። ሁለት ሞተሮች ብቻ ይንተፋተፋሉ።

«ይህ ክፍል አይደለም፣ መምህርት» አለ ኃላፊው።

«ክፍል ቢሆንማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይገባው ነበር!»

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እስከ ሰኞ እንደነበረ አድርገህ ታስረክባለህ።»

ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቀለ። እያነከሰ ሄዶ ኃላፊው እጅ ላይ አኖረለት።

«አሁኑኑ አስረክቤያለሁ» አለ። «ወደ ድሮው የሚመልሰው ሰው ካለ ይመልሰው። እኔ ግን በዚያ መብራት አልነዳም። በእግሬ እሄዳለሁ።»

ያን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። በእግሩ ሄደ። በዚያ በተሰበረ እግሩ፣ ሳጥኑን በቅሎ ላይ ጭኖ፣ ፃግብጂ ድረስ። ማታ ሲመጣ እግሩን በሞቀ ውኃ ሳሽ ከንዴቴ የተነሣ እጄ ይጠብቅበትና «ቀስ!» ይለኛል። ሞተሩ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ዛፍ ስር ቆመ። መካኒኩን እንደነበረ አድርግ ቢሉት፣ «የሠራችው ታፍርሰው» ብሎ መለሳቸው አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በልግ ላይ ከበላይ እንግዳ መጥቶ ጋዝጊብላ ላይ ስብሰባ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሸ። ኃላፊው የግድ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ ከነጂዎቹ አንዱን ይዞ በሞተር ሄደ። የትኛው ሞተር ይመስላችኋል? ነጂው ነው የነገረን። ሲመለሱ ጉም ወርዶ ነበር። ኃላፊው የነጂውን ወገብ ጨምድዶ ይዞ፣ ሰቆጣ እስኪገቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም አለ። ሁለት መኪና ከሩቅ አይተዋቸው ጥግ ይዘው አሳልፈዋቸዋል።

በሳምንቱ መልእክተኛ ቁልፉን ይዞ መጣ። «ለጊዜው ተጠቀሙበት ብለዋል።» ለጊዜው! ይቅርታ የለም፤ ማስጠንቀቂያው ከባለቤቴ ማኅደር አልወጣም። ቁልፉን መልሰህ ውሰድ ልለው አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝና ተቀበለው። እግሩን አይቼ ተውሁት።

ከዚያ ወዲያ የቀሩት ነጂዎች በየቅዳሜው ሞተራቸውን እየገፉ ወደ ግቢያችን መጡ። ሁሉንም ሠራሁላቸው። መካኒኩም ዲናሞ እያመጣ አጥሩ ላይ ይጥልልኝ ጀመር፤ ሰላም እስከምንባባል ግን ዓመት ፈጀብን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዳዲስ ሞተሮች መጡ፣ ከፋብሪካቸው ባትሪ ያላቸው። እኛም ወደ ወልድያ መመላለስ ጀመርን፣ ልጆቹ እዚያ ይማሩ ነበርና። አንድ ጊዜ ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ልብሱ የተተኮሰ አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ባለቤቴን አቀፈው። ኃላፊው ነው። ጡረታ ወጥቷል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ስለ ጤና ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት!» አለኝ ፈገግ ብሎ፤ «ያ መብራትሽ እኮ የስንቱን ነፍስ አተረፈ። ያኔ ባልፈቅድልሽ ኖሮ…»

የያዝሁትን ሻንጣ መሬት አስቀመጥሁ።

«አልፈቀዱልኝም» አልሁት። «የባለቤቴን ጥፋት ነው የጻፉት። እስከ ዛሬ ማኅደሩ ውስጥ አለ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «አይ… ረስቼው ይሆናል፤ ስንት ዘመን ሆነ» አለ። እውነቱን እንደሆነ አየሁ። ረስቶታል። እኛ በየቀኑ ስናነክስበት የኖርነውን እሱ ረስቶታል።

አውቶቡሱ ገባ፣ ተሳፈርን። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ከተመቻቸ በኋላ፣ «ሽማግሌ ሰው ነው፣ ምናለ ብታልፊው?» አለኝ።

ቆቦ እስክንደርስ አላናገርሁትም።